በመካከለኛ ክፍል ስለሚሰጠው የአጠቃላይ ሳይንስ ትምህርት፤ ለመምህራንና ላገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



የዚህ ንግግር ጉዳይ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚሰጠው አጠቃላይ ሳይንስ የተባለው ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው 13ና 14 ዓመት ነው። በባላገር ዘንድ ይህ ዕድሜ ምን ማለት እንደ ሆነ ከሽማግሎች የተሰወረ አይደለም። ወንዱ ልጅ ዕርፍ ለመጨበጥ የሚበቃበት፥ ሴቲቱም ልጅ፥ ሕግ ቢከለክለውም፥ ለጋብቻ የምትታሰብበት ጊዜ ነው። እንግዲህ በነዚህ ሁለት ዓመታት ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ሲሆን የሚቈይበት ምክንያት ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹም አንዱ፥ የሚማረው ነገር እውነት መሆኑን በገዛ ዐይኑ ማየቱ፥ ወላጆቹም ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ነገር ለቤታቸው የሚረባ መሆኑን ማወቃቸው ነው።

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል ይደርስ ነበር፤ በ7ኛና በ8ኛ ክፍልም ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በሦስት መጻሕፍት ተለያይተው ይሰጡ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ግን የትምህርቱን ዘመን 6፥ 2ና 4 ዓመት አድርጎ ከፈለው። መካከለኞቹ ሁለት ዓመታት ለብቻቸው አንድ ደረጃ ሆኑ፤ ሦስቱም ትምህርቶች በነዚህ ክፍሎች ባንድ መጽሐፍ ተጠቃለሉ፤ በ9ኛ ክፍል እንደ ገና ይለያያሉ። ትምህርቱ ስለ ልክና ስለ መለኪያ ይናገራል፤ ወደ ድብልቅና ወደ ንጥረ ነገር ያልፋል፤ ሕዋስንና ሕያዋንን፥ የሰውን አካልና ጤናውን፥ ፀሐይንና በዙሪያዋ ያሉትን ዓለማት ያሳያል። ይህን ሁሉ አንድ መምህር እንዲያስተምር መታዘዙ ብርቱ ሸክም ነው፤ ይልቁንም መምህሩ የሠለጠነው ከሦስቱ ባንዱ ብቻ እንደ ሆነ ሸክሙ ይከብዳል። ሆኖም መጠቃለሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፍጥረት ራሷ በሦስት መጽሐፍ ተከፍላ አትገኝምና። ሊጡን የሚያቦካው እርሾ የባዮሎጂ፥ ለእንጀራው ዐይን የሚያወጣለት አየር የኬሚስትሪ፥ የምጣዱ ግለት የፊዚክስ ነው ቢባል፥ እንጀራው ግን አንድ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል አንድ ቍጥር ማስታወስ ይበቃል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ በጥብቅ ቍጥጥር በተሰጠ ጊዜ፥ ከተፈተኑት መካከል ግማሹንና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከ100 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ሆኑ። ብዙ ሰው ነቀፋውን በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ላይ አደረገ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ካንዱ ምክንያት ሥሩ ወደ ታች ወርዶ በመካከለኛው ክፍል የሚገኝ ነው። ከጓደኛው መገልበጥ የለመደ ተማሪ መገልበጥን የጀመረው በፈተና ቀን አይደለም፤ ያላየውን እንዳየ አድርጎ በሳይንስ ደብተሩ ላይ በጻፈበትና መምህሩም ልክ ነው ብሎ ምልክት ባደረገለት ቀን ነው።

ይህም ልማድ እንዴት እንደሚገባ በውሃ መፍላት ይታያል። መጽሐፍ ሁሉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። በደብረ ብርሃን የሚኖር አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ግን ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቢያገባው፥ መለኪያው ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቆማል፤ እሳት ቢጨመርበትም ከዚያ አያልፍም። ልጁም በደብተሩ 91 ብሎ ይጽፋል። መምህሩ ይህን ባየ ጊዜ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፥ “መጽሐፉ 100 ይላል፤ አርመው” ማለት ነው። ልጁ ያርመዋል፤ ማርኩንም ያገኛል፤ ነገር ግን ዐይን ይዋሻል፥ የታተመ ነገር አይዋሽም የሚል ትምህርት ያን ቀን ተምሮ ይሄዳል። ሁለተኛው መንገድ፥ “91 የሆነው ስለ ምን ይመስልሃል?” ብሎ መጠየቅ ነው።

ምክንያቱም ለደገኛ ልጅ የሚገባ ነው። አየር ክብደት አለው፤ በውሃውም ላይ ተጭኖ እንፋሎቱ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ወደ ላይ በተወጣ መጠን በላይ የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ጫናው ይቀላል፤ ውሃውም ብዙ ሳይግል ይፈላል። በግምት ለያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስላለች ወደ 91፥ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነች ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። በአፋር ቈላ በሰመራ ወደ 99 ይጠጋል፤ ከባሕር ወለል በታች በሆነው በዳሎል ደግሞ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። እንግዲህ መጽሐፉም ልጁም አልተሳሳቱም፤ መጽሐፉ የተናገረው በባሕር ዳርቻ ስላለው ውሃ ነው።

ከዚህም የሚወጣው ጥቅም ለወላጆቹ ቤት ነው። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገየው ውሃው ከ91 ወይም ከ92 ዲግሪ በላይ ስለማይግል ነው። ድስቱ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳት ማብዛት ውሃውን በቶሎ ከማትነንና እንጨትን ከመጨረስ በቀር ግለቱን አንዲት ዲግሪ እንኳ አይጨምርም። ከድኖ በቀስታ እሳት ማቈየት ይሻላል። ይህን ልጁ ከቴርሞሜትር ያገኘውን ነገር ለእናቱ ቢነግራትና ብትሞክረው፥ ከጫካ ተሸክማ የምታመጣው እንጨት ይቀንስላታል። (ቴርሞሜትርም ራሱ ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ተለያይተው ሦስት ጊዜ ይለኩ፤ ሁለተኛ ቴርሞሜትር ከተገኘም ይመሳከር። ይህም ራሱ ትምህርት ነው።)

ሽማግሎች ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሚያነሡት ነቀፋ አለ፤ ይኸውም ሳይንስ የተማረ ልጅ ያባቱንና የእናቱን ዕውቀት ይንቃል የሚል ነው። ነቀፋው ከንቱ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ልጅ ይታያል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ልጅ ሳይንስን የቃላት ድርድር አድርጎ የያዘ እንጂ ሥራውን የተማረ አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚሆን የታወቀ ታሪክ አለ፤ እርሱም የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የኢትዮጵያ ሊቅ ነበሩ። በ1964 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ይመረምሩ ነበር። ይህ በሽታ የሚመጣው ከትንሽ ትል ነው። የትሉ እንቍላል ከበሽተኛው ዐይነ ምድር ወደ ወንዝ ይገባል፤ በውሃው ውስጥ ተፈልፍሎ ወደ አንድ ዐይነት ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በወንዙ የሚዋኘውን ልጅ፥ ልብስ የምታጥበውን ሴት፥ መስኖ የሚመራውን ገበሬ ቈዳውን በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መንገዱ ይቋረጣል። ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲሄዱ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጦች ተንሳፈው አዩ። ከዚያ ስፍራ በላይ ግን ይህን ያህል የሞተ አልነበረም። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ መሆኑን ያገሩ ሴት ሁሉ ከጥንት ጀምራ የምታውቀው ነገር ነው። እርሳቸውም በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጦችን በዕቃ አድርገው፥ ካጣቢዎቹ አንዲቱ የእንዶዱን ዐረፋ እንድትጨምርበት ለመኑ፤ ቀንድ አውጦቹም ወዲያው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በቤተ ሙከራ ተመረመረ፤ ገዳዩ በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለው ዐረፋ አውጪ ነገር መሆኑ ታወቀ። በዐድዋም ወንዞች ለ5 ዓመት ያህል በተሞከረ ጊዜ፥ ከታናናሽ ሕፃናት ከ100 ወደ 50 የሚጠጉት ይይዛቸው የነበረው በሽታ ወደ 7 ዝቅ አለ። በ1989 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በዶክተር አክሊሉ ስም ይጠራል።

ይህ ታሪክ በብዙ ትምህርት ቤት ለኩራት ያህል ይነገራል፤ እንዲህ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ግን ያሳዝናል። ለመካከለኛ ክፍል ተማሪ የሚጠቅመው ሽልማቱ ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል ነውና። ሴቶቹ እንዶድን ያውቁ ነበር፤ ስለ ቀንድ አውጣው ግን የጠየቃቸው አልነበረም። ሊቁ ስለ ቀንድ አውጣ ያውቁ ነበር፤ እንዶዱ እንደሚገድለው ግን ያወቁት ከሴቶቹ ሥራ ነው። ደግሞም የሞተውን አይተው ወዲያው “እንዶድ ገደለው” ብለው አልፈረዱም፤ ምናልባት ፀሐይ፥ ምናልባት ሌላ ነገር ገድሎት ይሆናልና። ከላይኛው ውሃ ጋር አነጻጸሩ፤ ከዚያም ለብቻው በዕቃ ሞከሩት። በዚህ ባንዱ ነገር ውስጥ የትሉና የቀንድ አውጣው ኑሮ፥ የሳፖኒኑ ጠባይ፥ የወንዙም ፍሰት ተገናኝተዋል፤ ሦስቱን ትምህርቶች የማጠቃለሉ ትርጕም ከዚህ የበለጠ አይገለጽም።

መምህራን ግን ይህን ሙከራ በልጆች እጅ መድገም አይገባቸውም። ቀንድ አውጣ ለመልቀም ወደ ወንዝ የገባ ልጅ በሽታውን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ እንዶድም በውሃ ውስጥ ዓሣን ይገድላል። ስለ ማነጻጸር ለማስተማር ባቄላ ይበቃል። አራት ጣሳ አፈር ይወሰድ፤ አፈሩም የባቄላውም ቍጥር እኩል ይሁን። አንዱ ውሃና ብርሃን፥ አንዱ ውሃ ብቻ፥ አንዱ ብርሃን ብቻ ያግኝ፥ አንዱ ሁለቱንም ይጣ። ልጆቹ በየቀኑ እያዩ ይጻፉ። በጨለማ ያለው ባቄላ ውሃ ካገኘ ይበቅላል፤ እንዲያውም በብርሃን ካለው ይልቅ በቶሎ ይረዝማል፤ ግን ገርጥቶ ይቀጥናል። “ብርሃን ለማብቀል ያስፈልጋል” ብሎ አስቀድሞ የተናገረ ልጅ በዚህ ይደነግጣል። መደንገጡ መልካም ነው፤ መምህሩ ቶሎ ብሎ አያስረዳው።

የአባቶች ዕውቀት ሁልጊዜ እንደ እንዶዱ እውነት ሆኖ ይገኛል ማለት ግን አይቻልም። አንዳንዱ ትዝብቱ እውነት ሆኖ ምክንያቱ ስሕተት ይሆናል። የደጋ ሰው ወደ ቈላ ወርዶ ማደርን ይፈራ ነበር፤ የቈላ ነፋስ ንዳድ ያመጣል ይባል ነበርና። ወደ ማታ ወደ ደጋ መመለሱ ብዙ ሕይወት አድኗል። በሽታውን የሚያመጣው ግን ነፋሱ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በ1897 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር በሕንድ አገር የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ፤ ይህችም ትንኝ የምትነድፈው ይልቁን በሌሊት ነው።

እንዲሁም በብዙ ስፍራ፥ የበቆሎ እሸት የበላ ሰው ወባ ይይዘዋል የሚል ነገር አለ። ሳይንስ የተማረ ልጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ወባ ከምግብ አይመጣምና። መሳቁ ግን ችኰላ ነው። በጎጃም በቡሬ አካባቢ ከ2000 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ወዲህ የወጣ ምርምር እንዳሳየው፥ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች ወባ ጥቂት ከሚዘራባቸው ይልቅ እጅግ በዝቶ ተገኝቷል። ምክንያቱም ይህ ነው፤ በቆሎው ሲያብብ ከራሱ ላይ የሚረግፈው ቢጫ ብናኝ በእርሻው አጠገብ ባለ ኵሬ ላይ ይወድቃል፤ የትንኟ ዕጭ ይህን ይመገባል፤ በቶሎም ያድጋል፥ ብዙውም ሳይሞት ትንኝ ይሆናል። ስለዚህ የበቆሎው ወራትና የወባው ወራት መገናኘታቸውን ያዩ ሰዎች ያዩት እውነት ነበር፤ መንገዱ ግን በአፍ የሚገባው እሸት ሳይሆን በኵሬው ላይ የወደቀው ብናኝ ነው። አያቱን የሰደበ ተማሪ ይህን ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ አያቱን ሰምቶ ያለ ምርመራ ያመነም እንዲሁ። በመካከለኛው ክፍል ሊለመድ የሚገባው በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ነው፤ ይኸውም የተባለውን በአክብሮት ሰምቶ በደብተር ጽፎ “ይህ በምን ይታወቃል?” ብሎ መጠየቅ ነው። ሽማግሎችም ይህን ጥያቄ ከልጅ አፍ ሲሰሙ እንደ ድፍረት ባይቈጥሩት መልካም ነው።

ስለ መለኪያ ብዙ መናገር አያሻም። ልጆቹ የክፍላቸውን ርዝመት እያንዳንዳቸው በክንዳቸው ይለኩ፤ ከዚያም አንድ ሽማግሌ ተጠርተው በክንዳቸው ይለኩ። ቍጥሩ ይለያያል። ሜትር ስለ ምን እንዳስፈለገ ከዚህ በኋላ ማብራራት አያስፈልግም፤ በገበያ በጨርቅ ሻጭ ክንድ የተጐዳ ሁሉ ያውቀዋልና።

የፀሐይ ነገር ግን ሊዘለል የማይገባው ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤት ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ስለሚነገር ነው። በሰሜን ርቀው ባሉ አገሮች የሚኖር ሰው የተከለው ዘንግ በቀትር ጊዜ ጥላው ዓመቱን ሁሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በኢትዮጵያ ግን እንዲህ አይደለም። በትምህርት ቤቱ ግቢ ደልዳላ ስፍራ አንድ ሜትር የሚሆን ዘንግ ይተከል፤ ቀጥ ማለቱም በገመድ በተንጠለጠለ ድንጋይ ይታይ። በአዲስ አበባ አቅጣጫ ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ይመለሳል። በሁለቱ መለወጫ ቀኖች ፀሐይ ከራስ በላይ ስለምትሆን ዘንጉ በቀትር ጥላ የለውም። በጐንደር የደቡቡ ጥላ ጥቂት ቀን ዘግይቶ ይጀምራል፥ ጥቂት ቀንም ቀድሞ ያበቃል። ሰኔ 14 ቀን ገደማ በአዲስ አበባ የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ ወደ ደቡብ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ታኅሣሥ 13 ቀን ገደማ ወደ ሰሜን 64 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ቀትርም በሰዓት ቍጥር ብቻ አይወሰን፤ ከ6 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ በየ5 ደቂቃው የጥላው ጫፍ በጠጠር ምልክት ይደረግበት፤ ከሁሉ ያጠረው ጥላ የቀትር ነው። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አይወጣም፤ ቤተ ሙከራ የለንም የሚል ምክንያትም በዚህ ላይ አይሠራም።

ወደ ድብልቅ ትምህርት ሲደረስ መምህሩ አስቀድሞ ሴቶቹን ልጆች ይጠይቅ። ዱቄትን በወንፊት የምትነፋ፥ ወተት ንጣ ቅቤውን ከአሬራው የምትለይ፥ ጠላ የምታጠል፥ ከአክንባሎ ላይ የሚንጠባጠበውን ላበት በየቀኑ የምታይ እርሷ ናት። ወንዶቹ ደግሞ በዐውድማ ላይ እህል በነፋስ ከገለባው ሲለይ አይተዋል። አረቄ የሚወጣበት ቤትም ካለ፥ አልኰል በባሕር ወለል ላይ በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ከውሃው ቀድሞ ተንኖ በቀዝቃዛው መተላለፊያ ተመልሶ መፍሰሱ ሊነገር ይቻላል፤ ተማሪ ይቅመስ ማለት ግን አይደለም። የጥቂት ቀይ ሽንኵርት ልጣጭ ተቀቅሎ ውሃው ቢጠለል፥ ሎሚ ሲጨመርበት ይቀላል፥ የዐመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴና ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ የአሲድና የቤዝ ትምህርት በዚህ ይጀመራል። በብዙ ክፍል የሚታየው ግን ወንዶች ዕቃውን ይዘው ሴቶች ከኋላ ሆነው መገልበጣቸው ነው። ከሁሉ አስቀድማ ልታስረዳ የምትችለዋ ልጅ ዝም ብላ ከተቀመጠች፥ ወላጆቿ ለጋብቻ ሲጠይቋት ትምህርቱን የምትከራከርበት ነገር አይኖራትም።

የቋንቋ ነገር ደግሞ አለ። በአንዳንድ ክልል ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል፥ በሌላው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ፈተናውም በዚያ ቋንቋ ስለሚሆን መምህሩ እንግሊዝኛውን ሊተው አይችልም። ይሁን እንጂ “ፊልትሬሽን” የሚለውን ቃል ፊደሉን ሳያጓድል የጻፈ ልጅ፥ እናቱ ጠላውን ስታጠል ያን ሥራ እየሠራች መሆኗን ካላወቀ፥ የያዘው ድምፅ ብቻ ነው። አስቀድሞ ነገሩ ይታይ፥ ከዚያ ልጁ ባፉ በፈታው ቋንቋ ይናገረው፥ በመጨረሻም የእንግሊዝኛው ስም በሰሌዳ ይጻፍ። ይህ አካሄድ ጊዜ ይፈጃል፤ ክፍለ ጊዜው ግን 40 ደቂቃ ብቻ ነው፥ መጽሐፉም ወፍራም ነው። መምህሩ መጽሐፉን ለመጨረስ ከሚሮጥ አንዳንዱን ክፍል በአጭሩ ቢያልፈው፥ ውሃን፥ ድብልቅን፥ ጤናንና ፀሐይን ግን በእጅ ቢያሠራ ይሻላል። ርእሰ መምህራንም ይህን ላደረገ መምህር ወቀሳ ከማብዛት የልጆቹን ደብተር ገልጠው ቢያዩ ይገባል፤ የ40 ልጆች ደብተር ሁሉ አንድ ዐይነት ቍጥር ካለው አንዱ ብቻ ለክቶ ሌላው ገልብጧልና።

የቀረው ነገር የዝናም ነው። አፉና ሥሩ እኩል የሆነ ጣሳ በሜዳ ተቀምጦ፥ የተጠራቀመው ውሃ ጧት ጧት በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ቢለካ፥ የመንደሩ ዝናም ይታወቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ 20 በ8 ሜትር ቢሆን፥ 10 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ቀን ከጣራው 1,600 ሊትር ይወርዳል። በርሜል መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የወላጆች ጉባኤ በዚህ ቍጥር ሊነጋገርበት ይችላል።

ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ዝናሙ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መምህሩም ወደ ዘመዶቹ ሄዷል። ጥላውም ወደ ደቡብ ከሚወድቅበት ጊዜ ከፊሉ በነዚሁ ወራት ነው። ደመናው ሲገለጥ የሚያይ ከሌለ ደብተሩ ከሰኔ እስከ መስከረም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጣሳው፥ ማስመሪያውና ደብተሩ በአጥቢያው ለሚኖሩ ማንበብና መጻፍ ለሚችሉ አንድ ሽማግሌ ቢሰጡ፥ በየጧቱ ሁልጊዜ ባንድ ሰዓት የጣሳውን ውሃ ለክተው ቀኑንና ቍጥሩን ይጻፉ፤ ከዚያም ጣሳውን ይድፉት። ያልለኩበት ቀን ቢኖር ስፍራውን ባዶ ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ከ7ኛ ወደ 8ኛ ክፍል የተዛወሩት ልጆች ደብተሩን ከሽማግሌው እጅ ይቀበላሉ፤ የክረምቱንም ዝናም ደምረው ዐምና ከተጻፈው ጋር ያስተያያሉ።